የሠላሳ ስምንቱ በጎች መዝገብ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት የተጨመረች ቃል ብትገኝ፣ ይህችን የጻፍኩባትን ቀኝ እጅ የጓሳ ውርጭ ያድርቅብኝ። ሁሉም ሆኗል። ቀኑም፣ መንገዱም፣ ሞተር ብስክሌቱም። የሰላዩን ስም ብቻ አልነግራችሁም። የምስጢር ቃል አለብኝ፤ ሞላሌም ትንሽ ከተማ ናት። «በርኖስ» እያላችሁ ተከተሉኝ።

ማክሰኞ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት። ሞላሌ ገበያ።

በርኖስ የሱፍ ብርድ ልብስ በሚሸጥበት በባና ተራ መሐል ቆሟል። ሽፋኑ ሱፍ ነጋዴ ነው። ትከሻው ላይ ጆንያ፣ እጁ ላይ ሚዛን፣ ጫማው ላይ ጭቃ። ጭቃው ራሱ ዝም ብሎ ጭቃ አይደለም፤ ሦስት ቀን ተመርጦ የተቀባ ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን ከተጉለት እስከ ግሼ ታይቶ አይታወቅም።

አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ። አራት ሺህ ሰው ቆጠረ። አሥራ አንዱን ጠረጠረ።

ባና ከሚሸጡት አሮጊት ፊት ቁጢጥ አለ። እማማ ወለተኪዳን ይባላሉ። እንዝርታቸውን እያሾሩ ቀና ብለውም አላዩት።

«ይህ ሱፍ የመቼ ሽልት ነው?» አለ በርኖስ።

«የመስከረም።»

«መስከረም ዝናብ ነበረው?»

«እስከ መስቀል።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ።

እማማ ወለተኪዳን አንድ ድውር የሱፍ ክር አቀበሉት። በርኖስ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ብድግ አለ።

«ልጄ፣ ክሩ በነጻ አይደለም» አሉት።

ክፍያ ከይለፍ ቃሉ ውስጥ አልነበረም። ከፈለ። ሰላይ ከነገር ይልቅ ኪሱን ያጎድላል።

ከሽንኩርት ተራው ጀርባ ሄዶ ክሩን ፈታ። እምብርቱ ላይ የተጣጠፈች ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ ላይ የአንድ ሰው የፋይዳ ቁጥር ብቻ። የሰውየው ስም ቅጣው ነው፤ ከራቤል በላይ ዳገቱ ላይ በግ አርቢ። ወረቀቷን የላኩት ደግሞ የበርኖስ አለቃ አቶ ገብረየሱስ ነበሩ። የምስጢር ስማቸው «ጽድ»። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሞላሌ የሚሰማቸው፣ የተጣላ ሁሉ ደጃቸውን የሚጠና ሽማግሌ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እትዬ ጌታነሽ ባላቸው መርስዔ ኃዘን ከሞተ ሰባት ዓመታቸው ነው። ልጅ የላቸውም። ያላቸው በግ ነው። ሠላሳ ስምንት። እሳቸው ጉልበታቸው ደክሞ ሞላሌ ስለገቡ፣ በጎቹን ለቅጣው የርቢ ሰጥተዋቸዋል። እሱ ያረባል፣ ግልገሉን ይካፈላሉ፣ እናቶቹ የእሳቸው ናቸው። ውል የሚባል ወረቀት የለም። ለምን ይኖራል? ሰው አለ።

በዚያ አገር ደግሞ ባለቤት የራሱን በግ አይቆጥርም። ከቆጠረ ያንሳል ይባላል። እንደውም ሲቆጠር አያይም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። የሚቆጥረው የታመነ ሰው ነው። በረት አፍ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን ይዞ፣ አንድ በአንድ እየነካ ያሳልፋል። የእትዬ ጌታነሽን በጎች ሰባት ዓመት የቆጠሩላቸው አቶ ገብረየሱስ ናቸው።

ባለፈው ወር ወሬ መጣ። በጎቹ በመያዣ ተሰጥተው ብድር ተወስዶባቸዋል። ወሩ ሲሞላ፣ ቅዳሜ፣ አይሱዙ መጥቶ ይጭናቸዋል።

እትዬ ጌታነሽ የሮጡት ወደ አቶ ገብረየሱስ ነው። አቶ ገብረየሱስም ጢማቸውን አሻሽተው፣ «ይሄ የቅጣው ሥራ ነው። የሚያጣራ ሰው አለኝ» አሉ።

ያ ሰው በርኖስ ነበር። ሌላ ማን ይሆናል? ውክልና ተጻፈለት። እትዬ ጌታነሽ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። አቶ ገብረየሱስ በምስክርነት ፈረሙበት፤ የፋይዳ ቁጥራቸውንም በገዛ እጃቸው አሰፈሩ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ከቅዳሜ በፊት ማስረጃ ይምጣ። ማስረጃ ካለ ፍርድ ቤት እግድ ይሰጣል። ከሌለ በጎቹ ሄዱ።

መሐል ሜዳ። ስድስት ሰዓት።

ብርዱ ምላስ ይቆርጣል። በርኖስ ዋናውን መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። ማንም አልተከተለውም። ይህ ራሱ አጠራጠረው።

የእፀገነት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። የምስጢር ስሟ «ቀለም»። ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ያጠለቀች የሠላሳ ዓመት ሴት። ከእሷ ፕሪንተር ያላለፈ ወረቀት መሐል ሜዳ ውስጥ የለም።

በርኖስ በሩን ገርበብ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዋናው መዝገብ ውስጥ መግባት አለብኝ።»

«የትኛው?»

«ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረቱን አስይዞ ሲበደር የሚጻፍበት። ማን፣ ምን፣ ለማን እንዳስያዘ።»

«እሱማ ኢንተርኔት ላይ አለ። ለማንም ክፍት ነው» አለች።

ለማንም ክፍት ነው። በርኖስ እንዲህ የረቀቀ የይለፍ ቃል በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

«ምሳ ልወጣ ነበር» አለች ደግሞ።

ይህም ሌላ ምልክት መሆኑ ገባው። ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ላፕቶፑን ከፈተች። አንድ ገጽ መጣ። ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። አንዱ በስም ይፈልጋል፣ አንዱ በመታወቂያ ቁጥር፣ አንዱ በመኪና ሻንሲ ቁጥር።

«በግ ሻንሲ የለውም» አለች እፀገነት። «በሰው ቁጥር ነው የምንፈልገው። አምጣ።»

በርኖስ ከክሩ የወጣችውን ወረቀት አሳያት። መታች። ክቧ ምልክት ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረች።

ዞረች።

ኔትወርኩ ጠፋ።

መብራቱ ጠፋ።

ሁለቱም ተመለሱ። ክቧ እንደገና ዞረች። በርኖስ በዚያች ደቂቃ አምስት ኪሎ ቀነሰ።

«ምንም የተመዘገበ የለም» አለች።

«ደግመሽ እዪ።»

«ሦስቴ አየሁት። ቅጣው የሚባለው ሰው ምንም አላስያዘም።»

ቅጣው ንጹሕ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ንጹሑን ወረቀት አሳትሞ፣ አመስግኖ፣ ወደ ቤቱ ነበር። የበርኖስ አእምሮ ግን እዚህ ላይ እንደ መብረቅ ሠራ። ውክልናውን ከደረት ኪሱ አወጣ። እላዩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የወካይዋና የምስክሩ።

የእትዬ ጌታነሽ ገባ። ምንም የለም።

የምስክሩ ገባ።

ክቧ ዞረች።

«አንድ መዝገብ ተገኝቷል» አለች እፀገነት።

በርኖስ ጠጋ ብሎ አነበበ። ባለዕዳው ገብረየሱስ። መያዣው ሠላሳ ስምንት የመንዝ በግ። ያሉበት ቦታ ከራቤል በላይ፣ ቅጣው ዘንድ። ልዩ ምልክት፣ ቀኝ ጆሯቸው ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ የተቆረጠ።

መርስዔ ኃዘን በገዛ ካራው ያወጣው ምልክት።

ጉዳዩ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። ባለፈው ዓመት የቆጠራው ዕለት የአበዳሪው ሠራተኛ ከከተማ መጥቷል። በረት አፍ ላይ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ዘንግ ይዞ ሲቆጥር አገኘ። በግ አርቢው አጎንብሶ ያሳልፍለታል። ወደ ዳር አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከተሜው የበጎቹ ባለቤት ማን ነው ብሎ ይጠይቅ? ዐይኑ ነገረው። ሽማግሌውም አላረመውም። ፈረመ።

ከዚህ በኋላ ለገብረየሱስ አንቱታ የለም።

በርኖስን ለምን በቅጣው ላይ እንደላከውም ተገለጠ። ንጹሕ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ነው። እትዬ ጌታነሽ ንጹሑን ወረቀት አይተው እፎይ ይላሉ። ቅዳሜ አይሱዙው ይመጣል።

«ላትምልህ?» አለች እፀገነት።

«በሁለት ኮፒ።»

ወረቀቱን የእግር ሹራቡ ውስጥ ከተተ። ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ሆን ብሎ ነው። ጠላት በመስኮት ኮፍያውን ካየ ሰውየው አለ ብሎ ይጠብቃል።

መቶ እርምጃ ሳይሄድ ሰማው።

ሞተር ብስክሌት።

ዞር አለ። ነጂው በአንድ እጁ ይነዳል። በሌላው እጁ አንድ ጥቁር ነገር ከፍ አድርጎ ያውለበልባል።

«ቁም» ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ቁም እንጂ።»

በርኖስ አልቆመም። በዶሮ ተራ ገባ፣ በወፍጮ ቤት ወጣ። ሞተሩ ተከተለው። በአጥር ዘለለ። አጥሩ ሦስት ሜትር ነበር፤ አራትም ይሆናል። ሞተሩ ዞሮ መጣ።

ከፊቱ ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደ ሞላሌ ይበራል።

ዘለለ።

ጆንያው ላይ አረፈ። ሞተሩ ወደኋላ ቀረ፤ ነጂው ያቺን ጥቁር ነገር እንደያዘ መንገዱ መሐል ቆሞ አየው። ከዚያ ተራራው ጋረደው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በርኖስ የት እንደዋለ የሚታወቅ ነገር የለም። ሰላይ እንዲህ ያለ ሰዓት አለው። እንለፈው።

ረቡዕ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

እማማ ወለተኪዳን ማደሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። የይለፍ ቃል አልጠየቁም።

«መኪናው ዛሬ ነው» አሉ። «ጎሕ ሲቀድ ወደ ራቤል ወጣ።»

«ቅዳሜ ነው የተባለው።»

«ወደ ዛሬ አመጡት።»

ጉዱ ይህ ነበር። አንድ ሰው ለገብረየሱስ አድርሶለታል። መዝገቡ መታየቱን፣ ወረቀቱ መውጣቱን ነግሮታል። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም።

በርኖስ ወደ ፍርድ ቤቱ ገሰገሰ። ከድንጋዩ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ገብረየሱስ ድልድዩን ዘግቶ ቆሟል። ጋቢውን ተከናንቧል። ያ የመቁጠሪያው ዘንግ በእጁ ነው።

«ወረቀቱን» አለ።

«የቱን?»

«ሱፍ ነጋዴ ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

«ክር ይጠቀልልበታል።»

ገብረየሱስ አልሳቀም። ዘንጉ ላይ ተደገፈ። ከበፊቱ ያነሰ፣ የሸመገለ መሰለ።

«እመልሰው ነበር» አለ። «ልጄ ታስሮ ነበር፤ ለዋስትናው ነው። አንድ ዝናብ ቢዘንብልኝ፣ አንድ ገብስ ባነሳ እመልሰው ነበር። እሷም ሳትሰማ ያልፍ ነበር።»

«እትዬ ጌታነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውህ ነበር የቆሙት» አለ በርኖስ።

ከታች ውሃው ይሰማል።

«አንተስ?» አለ ገብረየሱስ። «ወር ሙሉ ሱፍ ነጋዴ ነኝ እያልክ በየበረቱ ገባህ። በግ አየህ። ጆሮ አገላበጥህ። ነገ መኪናውን ማን መራው ሲባል፣ ሰው ማንን የሚል ይመስልሃል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«ይላል። እኔን እኮ ሰው አይጠረጥርም።»

በርኖስ አልፎት ሄደ። ዘንጉ ሲነሳ ሰማ። ዞር አላለም። ዘንጉ ግን አልወረደም።

ዳኛዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ውክልናውን ጎኑ አስቀመጡ። ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያዩ። እግዱ ተጻፈ፣ ማኅተሙ ተመታ። በርኖስ ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ወደ መንገዱ ሮጠ።

ስምንት ሰዓት። አይሱዙው ተራራውን ዞሮ መጣ።

በርኖስ መንገዱ መሐል ቆመ። እጆቹን ዘረጋ።

መኪናው አላቆመም።

አላቆመም።

ፍሬኑ ጮኸ። ጎማው ደረቱ ላይ ሊወጣ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ መሳደብ ሲጀምር ፖሊሱ ወረቀቱን አሳየው።

የኋላ በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የወረደችው ግንባረ ነጯ እናት በግ ናት። አፋፉ ላይ ቆማ አመነታች፣ ከዚያ ዘለለች። ቀጥሎ ቡናማው አውራ፣ ቀንዱ የተጠመዘዘው። ቀጥሎ መንታ የወለደችው፣ ከዚያ አንድ ጆሮዋ የተቀነጠሰው። አንድ በአንድ፣ ሱፋቸው በብርዱ እየጨሰ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። እትዬ ጌታነሽ መጡ።

ጀርባቸውን አልሰጡም።

ልማዱን ትተው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጣታቸውን እየቀሰሩ ራሳቸው ቆጠሩ። ሠላሳ ስምንት።

ተልእኮው አለቀ።

ሰዉ ግን መኪናው አጠገብ ማንን አየ? ጆንያና ሚዛን የያዘ፣ ወር ሙሉ በየበረታቸው ሲዞር የነበረ እንግዳ ነጋዴ።

«ደላላው ይሄ ነው» አለ አንዱ። «በጎቹን የጠቆመው ይሄ ነው።»

አንድ ሰው ተፋ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። በርኖስ አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ሰላይ ግን ሽፋኑን አያወልቅም። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለ። ገብረየሱስ ከሰዉ መሐል ቆሞ አየው፤ ሰዎች መንገድ እየለቀቁ እጅ ይነሱታል። በርኖስ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ጉሙ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ስሙን ያነሳ፣ መልኩን ያየ የለም።

ይኸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማስተየብ እፀገነት ቤት ተቀምጬ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነበር። እሷ ትመታለች። እትዬ ጌታነሽም አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ የይግባኝ ወረቀታቸው ኮፒ እስኪደረግላቸው ይጠብቃሉ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እፀገነት መምታቷን አቆመች። ቀና ብላ እሳቸውን አየች።

እትዬ ጌታነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ቆዩ።

«ትዕዛዙ» አሉኝ በስሜ። «ሞተሩ ማሙሽ ነው። የእሷ ወንድም። ኮፍያህን ረስተህ ነው የተከተለህ።»

እፀገነት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«የምስክሩን ቁጥር እንይ ያለችህም እሷ ናት።»

የማነበውን ወረቀት አጠፍኩት። እሳቸው ቀጠሉ።

«ማክሰኞ ወረቀቱ ወጣልህ። ወደ እኔ አልመጣህም። ወደ ጋሽ ገብረየሱስ ቤት ነው የገባኸው። አረቄ ቀዱልህ። መዝገቡን እንዴት እንደከፈትከው፣ እንዴት እንደደረስክበት እስከ ምሽት አወራህላቸው። ወረቀቱንም አሳየሃቸው። ሠራተኛቸው ናት የነገረችኝ፤ እንደዚህ ስታወራ ቤቱ ሙሉ ሰው ሲስቅ ነበር አለች።» ነጠላቸውን ለቀቁት። «ረቡዕ መኪናው መጥቶ ጫናቸው። አንተ ተኝተህ ነበር። ለእኔ ወረቀቱን ያመጣህልኝ ሐሙስ ነው።»

ውጭ የሚያልፍ መኪና ነበር። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ላሳፍርህ አይደለም» አሉ። «ከመኪናው የወረዱበትን ግን ድገምልኝ። ከግንባረ ነጯ ጀምርና፣ ቀስ እያልክ። ልቁጠራቸው።»